ኮሚቴው ይጠይቃል፤ የሚፈታውስ ማን ነው?

ከወገዳ አንድ ወጣት ተያዘ እንበል። እናቱ ስንቅ ቋጥራ ወደ ወረዳው ፖሊስ ብትሄድ እዚህ የለም ይሏታል፤ የጉናን ብርድ ተሻግራ ደብረ ታቦር ብትደርስ እዚያም ስሙ በመዝገብ አይገኝም፤ እስከ ባሕር ዳር ብትዘልቅ ምናልባት ወደ ሌላ ስፍራ ተወስዶ ይሆናል የሚል መልስ ይሰጣታል። ይህን ለምሳሌ ያህል አመጣነው እንጂ ስለ አንድ የታወቀ ሰው መናገራችን አይደለም። ሆኖም ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ ለመጣ ተማሪ ነገሩ እንግዳ እንደማይሆንበት እናምናለን። በዚህ ጊዜ ከዘመዶቿ መካከል የተማረው አንዱ፥ «አክስቴ፥ አዲስ አበባ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አለ፤ ምክር ቤቱም ስለ ሰብአዊ መብት የሚጠይቅ ኮሚቴ አለው፤ ለርሱ እንጻፍ» ቢላት ደግ ምክር መክሯታል። ነገር ግን ምክሩ እስከ የት እንደሚያደርሳት አስቀድሞ ማወቅ ያሻል።

እንደሚታወቀው ሁሉ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ55ኛው አንቀጽ ለምክር ቤቱ የሰጠው ሥልጣን ቀላል አይደለም። የሰብአዊ መብት ኮሚሽንንና የእንባ ጠባቂን ተቋም የሚያቋቁም እርሱ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎችን የፌዴራል ሹሞች ጠርቶ ይጠይቃል፤ የመከላከያ፥ የደኅንነትና የፖሊስ ኀይል ሰብአዊ መብትን የጣሰ እንደሆነም ይመረምራል፥ አስፈላጊውንም እርምጃ ይወስዳል ይላል። ይህን ሥራ በየዕለቱ የሚይዙለት ቋሚ ኮሚቴዎቹ ናቸው። ወኅኒ ቤት ይጐበኛሉ፥ የመሥሪያ ቤቶችን ሪፖርት ያዳምጣሉ፥ ጉድለት ያሉትን ነቅሰው አስተያየት ይሰጣሉ። ከዚህ በኋላ ግን እጃቸው ያጥራል። ኮሚቴ ዳኛ አይደለም፤ ዐቃቤ ሕግም አይደለም። ደብዳቤው በርትቶ ቢጻፍ እንኳ የታሰረውን ሰው ከክፍሉ አያስወጣውም። ይህ በእኛ አገር ብቻ የሆነ ነገር አይደለም፤ በብሪታንያ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የሁለቱ ምክር ቤቶች የሰብአዊ መብት ኮሚቴ የረቂቅ ሕጎችን ጠባይ ይመረምራል እንጂ የአንድን ግለሰብ ክስ ተቀብሎ አይፈርድም። ስለዚህ ኮሚቴው ስለ ምን አይፈርድም ብለን አንወቅሰውም።

የምንወቅሰው ሌላ ነገር ነው።

በመጀመሪያ ልጁን የያዘው ማን ነው? የወረዳ ፖሊስ የያዘው እንደሆነ ጉዳዩ የክልሉ ነው፤ የሚቈጣጠረውም የክልሉ ምክር ቤት ነው። የመከላከያ ሠራዊት የያዘው እንደሆነ ደግሞ ጉዳዩ የፌዴራል ነው። በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ይህ ልዩነት ጥርት ያለ ነው። ነገር ግን ልጇን በሌሊት ማን እንደወሰደው ያላወቀች ሴት ማመልከቻዋን ወደየትኛው በር ትውሰድ? አንዱ ወደ ሌላው ሲመራት፥ ሌላውም ወደ አንዱ ሲመልሳት፥ የማመልከቻው ወረቀት በእጇ ያልቃል።

ሁለተኛም ጠያቂውና ተጠያቂው ከአንድ ቤት ናቸው። በሕጋችን መሠረት የምክር ቤቱን ብዙ ወንበር ያገኘው ፓርቲ መንግሥት ይመሠርታል። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ምርጫ ውጤታቸው ከተገለጠው 436 ወንበሮች 410ሩን ያገኘው ብልጽግና ፓርቲ ነው። የፓርቲ ጓደኛ ሚኒስትሩን ጨክኖ መጠየቅ አይችልም አንልም፤ የተቻለበትም ጊዜ አለ፥ በተለይ ስለ ገንዘብ አወጣጥ። ሰው ስለ መግደልና ስለ ማሰር ሲሆን ግን አንደበት ይከብዳል።

ለዚህ በ1998 ዓ.ም. የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በደረሰው ግድያ ምክር ቤቱ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል ሥራው ሳያልቅ ከአገር ወጡ፤ ከወጡም በኋላ፥ የአባላቱ አብላጫ ድምፅ የተወሰደው ኀይል ከመጠን ያለፈ ነው የሚል እንደነበረ ተናገሩ። በጥቅምት 1999 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ የቀረበው ሪፖርት ግን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አምኖ፥ ኀይሉ ከመጠን አላለፈም ሲል ደመደመ። እንግዲህ ሬሳው ተቈጥሯል፤ ቍጥሩንም ማንም አልካደም። የቀረው ከቍጥሩ በኋላ ያለው ቃል ነበር።

አሁን ወደ ቅርቡ ጊዜ እንምጣ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጀ፤ የተወካዮችም ምክር ቤት ነሐሴ 8 ቀን አጸደቀው። በሕገ መንግሥቱ 93ኛ አንቀጽ እንዲህ ያለ ዐዋጅ ሲታወጅ 7 አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ አብሮ ይቋቋማል። ቦርዱ የታሰሩትን ሁሉ ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ ይገልጣል፤ ኢሰብአዊ አድራጎት እንዳይፈጸም ይቈጣጠራል፤ አጥፊዎች ለፍርድ እንዲቀርቡ ያደርጋል፤ ዐዋጁ ይራዘም የተባለ እንደሆነም ሐሳቡን ለምክር ቤቱ ያቀርባል። እኛም በዩኒቨርሲቲ ሳለን እነዚህን ንኡሳን አንቀጾች ለፈተና በቃላችን አጥንተናል፤ ስሙን የያዘው ወረቀት በየትኛው ግድግዳ ላይ እንደሚለጠፍ ግን መምህራችንን አንዳችንም አልጠየቅንም።

በዚያው ዐዋጅ ሰሞን ከታሰሩት አንዱ የምክር ቤቱ አባልና የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቍጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት አቶ ክርስቲያን ታደለ ናቸው። ሕገ መንግሥቱ አንድ አባል በከባድ ወንጀል እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም ይላል፤ ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብታቸውን ያነሣው ግን ከታሰሩ ወራት ካለፉ በኋላ በ2016 ዓ.ም. ነው። በክሱ ነገር አንገባም፤ እርሱ የፍርድ ቤት ነው። የሚገርመን ቅደም ተከተሉ ነው። የኮሚቴ ሰብሳቢው ሰው መብት እንዲህ ከሆነ የወገዳው ወጣት መብት በየትኛው ኮሚቴ ይጠበቃል?

ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎጃም በመራዊ ከተማ ሰዎች ተገደሉ። ከ4 ቀን በኋላ ጥር 24 ቀን ምክር ቤቱ ዐዋጁን ለ4 ወር አራዘመ። የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመራዊ በመንግሥት የጸጥታ ኀይሎች መገደላቸውን ማረጋገጡን የገለጠው በየካቲት ነው። እጅ ከወጣ በኋላ ማስረጃው መጣ ማለት ነው። ኮሚሽኑን የወለደው ያው ምክር ቤት ስለሆነ፥ ቢያንስ የልጁን ቃል እስኪሰማ በጠበቀ ነበር።

አንዳንድ ሰው ዐዋጁ ሲያልቅ ችግሩ ያልቃል ብሎ ያስብ ይሆናል። የሆነው ሌላ ነው። ዐዋጁ ሲያበቃ የቦርዱም ሥራ አበቃ፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ግን በአማራ ክልል ዳኞችና መምህራን የሚገኙባቸው በርካታ ሰዎች ታሰሩ። በዚያ ጊዜ ስም ዝርዝር የማውጣት ግዴታ ያለበት ቦርድ አልነበረም። የሚሠራው መደበኛው 19ኛ አንቀጽ ብቻ ነው፤ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፥ የጉዞውን ጊዜ ሳይጨምር። በዐባይና በበሽሎ ሸለቆዎች መካከል ላለ የስማዳ ሰው ይህቺ የጉዞ ጊዜ የምትባል ቃል ምን ያህል ልትለጠጥ እንደምትችል መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል።

ስለዚህ ከኮሚቴ የምንጠብቀው ብዙ አይደለም። በኅዳር 2009 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው መርማሪ ቦርድ በ6 ማቈያዎች 11,607 ሰዎች መታሰራቸውን፥ ከእነዚህም 347ቱ ሴቶች መሆናቸውን ገልጦ ነበር። እስከዚህ ድረስ መቍጠር የሚቻል ከሆነ ስምን በየወረዳው መለጠፍ አይከብድም። ስም ለመለጠፍ የሚኒስትር ፈቃድ አያስፈልግም፤ የዳኛም ሥልጣን አይጠይቅም። ዐዋጅ ኖረም አልኖረ ቋሚ ኮሚቴው የፖሊስን ወይም የመከላከያን ሪፖርት ሲሰማ «ስንት አስተማራችሁ፥ ስንት ስብሰባ አደረጋችሁ» ከማለት ይልቅ አስቀድሞ «የያዛችኋቸው ሰዎች ስም የተጻፈበት መዝገብ የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ መልስ ያላገኘ እንደሆነም ይህንኑ በቃለ ጉባኤው ላይ ቢያስመዘግብ፥ ሥልጣኑን አላለፈም።

አንባቢዎቻችን ከሆኑት ወጣት ሹሞች መካከል በወረዳ ጽሕፈት ቤት ተቀምጠው ይህን መዝገብ በእጃቸው የሚጽፉ አሉ። የወገዳዋ እናት ከምክር ቤት በፊት የምትደርሰው ወደ እነርሱ ነው። የልጇን ስም፥ የተያዘበትን ቀንና የያዘውን ክፍል ጽፈው ከሆነ ወደ ደብረ ታቦር መሄድ አይኖርባትም። ሳይጽፉ ቀርተው እንደሆነ ግን ከአዲስ አበባ የሚመጣው ኮሚቴ፥ የመጣ እንደሆነ፥ የሚያነበው ባዶ ገጽ ነው።