የተከራይ ቃል ለቤቱ ምሰሶ ነው

በአገራችን ልማድ አዲስ ቤት ወደ ሠራ ሰው የሚገባ እንግዳ አስቀድሞ «ቤት ለእምቦሳ» ይላል፤ ባለቤቱም «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። ይህ ምርቃት የሚነገረው ለባለቤት ነው። ነገር ግን በመንግሥት ቤት ተከራይቶ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰውም ባለ ቤተ ሰብ ነውና ከምርቃቱ ሊጐድልበት አይገባም። ስለዚህ የቀበሌ ቤት ተከራይ ስለሚኖርበት ቤት ቃሉ እንዲሰማ ምን ሊያደርግ እንደሚገባው፥ ሹማምንትም እንዴት ሊሰሙት እንደሚገባቸው ዛሬ ጥቂት ለመናገር አሰብሁ።

አንድ ክረምት አንዲት ባልቴት አቤቱታ ይዘው ወደ እኔ መጡ። በስሙ በማልጠራው ቀበሌ ውስጥ ስድስት ቤተ ሰብ በአንድ ግቢ ይኖራሉ፤ የጋራ ማድ ቤታቸውም ግድግዳ ልጆች ወደሚተኙበት ክፍል አዘንብሎ ነበር። እኔም «እናቴ ሆይ፥ ይህ ለፍርድ ቤት ሳይሆን አስቀድሞ ለቤቱ አስተዳዳሪ የሚቀርብ ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም «ልጄ፥ ሦስት ጊዜ ሰጥቻለሁ፤ ጐረቤቶቼም በየግላቸው ሰጥተዋል። መዝገብ ቤት ገባ ሲባል ሰማሁ እንጂ ወጣ ሲባል አልሰማሁም» አሉኝ።

ወረቀቶቹን ተቀብዬ ባነብባቸው አንዱ ስለ ግድግዳ፥ አንዱ ስለ ጣራ፥ አንዱም ስለ ጐረቤቱ ጭስ ይናገራል። ስድስቱ ቤተ ሰብ ስድስት ነገር ስለ ጻፉ አስተዳዳሪው የስድስት ሰው ንትርክ እንጂ የአንድ ግድግዳ አደጋ አልታየውም። ስለዚህ በአንድ እሑድ ተሰብስበው ከሁሉ የሚያስፈራውን አንድ ነገር እንዲመርጡ፥ ሁለት ሰዎችም እንዲወክሉ መከርኋቸው። እንዲሁ አደረጉ፤ እንጨቱንና ጭቃውን እኛ እናቀርባለን ብለውም በአቤቱታቸው ጨመሩ። ሹሙ በአራተኛው ቀን ራሱ መጥቶ አየና ግድግዳው እንዲፈርስ አዘዘ። ልጆቹም በዚያ ክረምት ያለ ሥጋት ተኙ።

አንባቢ ሆይ፥ የቀበሌ ቤት ከወዴት እንደ መጣ ማስታወስ ይጠቅማል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩትን ቤቶች የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፥ ማለት ቀበሌዎች፥ እንዲያስተዳድሩ ተሰጣቸው፤ ኪራዩንም ሰብስበው ለአካባቢያቸው መሻሻል እንዲያውሉት ተፈቀደላቸው። እንግዲህ በአዋጁ አሳብ ቤቱን የሚያስተዳድረው የነዋሪዎቹ የራሳቸው ማኅበር ነበረ እንጂ ከሩቅ የሚያዝዝ ባለ ንብረት አልነበረም። ዘመኑ እየገፋ ሲሄድ ግን ማኅበርነቱ ተረስቶ የመሥሪያ ቤት ጠባይ ብቻ ቀረ፤ ተከራዩም ባለ ጉዳይ ሆኖ በደጅ ጥናት ይቆም ጀመር።

ሌላም ችግር አለ። የነዚህ ቤቶች ኪራይ ለብዙ ዘመን ሳይለወጥ በመቆየቱ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለጥገና አይበቃም። ተከራዩ ኪራዬ አይጨመር ይላል፤ አስተዳዳሪውም ገንዘብ የለኝም ይላል፤ በሁለቱ መካከል ቤቱ ይፈርሳል። ይህ ነገር በትእዛዝ ብቻ አይፈታም፤ በምክክር እንጂ። የተሰበሰበው ስንት እንደ ሆነና በምን እንደ ዋለ በግልጥ የተነገረው ተከራይ ድርሻውን ለመክፈል እሺ ይላል፤ ያልተነገረው ግን ሁሉን ይጠረጥራል።

ሕጉም ለዚህ ምክክር በር ከፍቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 የመሰብሰብንና አቤቱታ የማቅረብን መብት ይሰጣል፤ በአንቀጽ 43ም ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ጉዳይ አሳባቸውን እንዲጠየቁ ይደነግጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ አከራይ ያከራየውን ነገር ለአገልግሎት በሚበቃ ሁኔታ መጠበቅ እንዳለበት ያስተምራል። በአስተዳደር በደል ደርሶብኛል የሚል ሰውም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ወደ ተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሊያመለክት ይችላል።

ተከራይን አለመስማት ምን ያህል እንደሚጎዳ ከባሕር ማዶ የሚያሳዝን ምሳሌ አለ። በእንግሊዝ አገር የመንግሥት ቤት ተከራዮችን ስለ አስተዳደሩ ማማከር በ1985 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ግዴታ ሆኗል። በሎንዶን ከተማ ግሬንፌል የሚባለውን ባለ 24 ፎቅ ሕንጻ ያስተዳድር የነበረውም ድርጅት በስሙ «የተከራዮች አስተዳደር» ይባል ነበር። ከነዋሪዎቹ አንዳንዶች ስለ እሳት አደጋ ደጋግመው አስጠነቀቁ፤ ነገር ግን እንደ ነገረኛ ተቈጠሩ። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ሌሊት እሳት ተነሥቶ 72 ሰዎች ሞቱ። ነሐሴ 29 ቀን 2016 ዓ.ም. የወጣው የመርማሪዎች የመጨረሻ ዘገባ እነዚህ ሰዎች ሳይሞቱ ሊቀሩ ይችሉ እንደ ነበር ገለጠ። የተከራዮችን መብት የሚያጠነክር ሕግ የወጣውም ከሞቱ በኋላ በ2015 ዓ.ም. ነው። ከዚህ የምንማረው ኮሚቴ ማቆም ብቻ እንደማይበቃ ነው፤ ስም ያለ ጆሮ ጥላ ነውና።

የእኛ አገር ሰው ማኅበር ማቆምን ከሌላ ሊማር አያስፈልገውም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ዕድራችንም ዳኛና ጸሐፊ፥ መዝገብና ቅጣት አለው። ሞቶ ለሚቀበር ሰው ይህን ያህል ሥርዓት ካቆምን፥ በሕይወት ላለው ቤተ ሰብ ጣራ ምነው አናቆም?

ስለዚህ ለተከራዮች ይህን እመክራለሁ። በየግቢያችሁ ሁለት ወይም ሦስት ተወካዮች ምረጡ፤ ከእነርሱም ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን፤ ቀኑን ሙሉ በቤት የምትውለው የሚያፈስሰውን ጣራና የሚዘጋውን ቦይ ከሁሉ ይልቅ ታውቃለችና። የኪራይ ውላችሁንና ደረሰኛችሁን ጠብቁ። አቤቱታችሁ አጭር ይሁን፤ የቤቱን ቁጥር፥ ቀኑን፥ የሁላችሁንም ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ይያዝ። ግልባጩን ማኅተም አስደርጋችሁ የመዝገቡን ቁጥር ሳትቀበሉ ከደጅ አትመለሱ። እናንተ ልታደርጉት የምትችሉትን ድርሻም ጻፉ፤ ያለ ፈቃድ ግን ቤቱን አትለውጡ።

ለክቡራን ሹማምንትም በትሕትና አሳስባለሁ። በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ፥ ተከራዮችን ሰብስቡ። ገቢውንና ወጪውን ንገሯቸው፤ የትኛው ቤት አስቀድሞ እንደሚታደስ ከእነርሱ ጋር ወስኑ፤ እንቢ የምትሉትንም ምክንያቱን ጽፋችሁ መልሱ። ምክንያቱ የተነገረው ሰው ቢያዝን እንኳ አይቀየምም። ለአንድ ግድግዳ ጥገና የሚወጣው ገንዘብም ወድቆ ከሚሠራው እጅግ ያንሳል።

እኚያ ባልቴት ከጥቂት ወር በኋላ ደግሞ መጡ። አቤቱታ ይዘው እንደ ሆነ ብጠይቃቸው «የለም ልጄ፥ አዲሱን ማድ ቤት መጥተህ እንድታይ ነው» አሉኝ። ሄድሁና ደጁ ላይ ቆሜ «ቤት ለእምቦሳ» አልሁ። ስድስቱም ቤተ ሰብ በአንድ ድምፅ «እምቦሳ እሰሩ» ብለው መለሱልኝ።