«ሁልጊዜ» የሚለው መልሴ

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ስለ ማግኔት ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ የኮምፓስ መርፌ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ነው የምትቆመው?» አለኝ። እኔም ሳላመነታ «አዎን፣ ሁልጊዜ» ብዬ ወደ ሌላው አለፍኩ።

በኋላ ሳነብ ግን ተሳስቼ ኖሯል። ጆርጅ ግሬም የተባለ የለንደን ሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1722 መርፌዋን ደጋግሞ ተመልክቶ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ወዲያና ወዲህ በጥቂቱ እንደምትዞር ደርሶበታል።

ለመሆኑ ምን ያዞራታል? ነገሩ የፀሐይ ሥራ ነው። ጨረሯ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለውን ስስ አየር ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ያደርገዋል። ይህ አየር በመሬት ማግኔታዊ መስክ ውስጥ ሲነፍስ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል። ጅረቱም በበኩሉ የመሬትን መስክ ጉልበትና አቅጣጫ በጥቂቱ ይለውጣል። ሲነጋ ይጀምራል፣ ወደ እኩለ ቀን ይበረታል፣ ማታ ይደክማል።

ታዲያ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የማግኔት ምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። ከዚያ መስመር በላይ ጅረቱ እንደ ወንዝ ተሰብስቦ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። ሶር በክረምት ሞልቶ በበጋ እንደሚጎድል ሁሉ፣ ይህ የማይታይ ወንዝ በየቀኑ ይሞላል፣ ይጎድላል። ካናዳዊው ካህን አባ ፒየር ጉዋን በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (እ.ኤ.አ. 1957–58) አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት የመመልከቻ ጣቢያ ይህንኑ ለውጥ ለዓመታት መዝግቧል። እኛ ግን በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ በራሳችን ሰማይ ያለውን ትተን የመጽሐፉን ሥዕል ብቻ እንገለብጣለን።

«ለውጡ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ለሕፃን ምን ይረባዋል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ በተራ ኮምፓስ አይታይም። ነገር ግን ትንሽ ማግኔት ላይ ስባሪ መስተዋት አጣብቀን፣ ነፋስ በማይገባበት ክፍል በቀጭን የሐር ክር ብናንጠለጥልና ብርሃን ብናበራበት፣ ራቅ ባለው ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ነጥብ በጥቂት ሚሊ ሜትር ሲሸሽ በማስመሪያ ልንለካው እንችላለን። በየሰዓቱ እየተፈራረቅን ብንመዘግብስ ምን ይገደናል?

እጩ መምህራን ሆይ! ተማሪው የሚጠብቀው ሁሉን የሚያውቅ መምህር አይደለም፤ አብሮት የሚፈትሽ ነው። እኔ ወደዚያ ክፍል ስመለስ በመጀመሪያ የምናገረው «ጥያቄህ ትክክል፣ መልሴ ስሕተት ነበር» የሚለውን ነው። መምህር ስሕተቱን በተማሪው ፊት ቢያርም ክብሩ አይቀንስም።