ኮታና ማስታወሻ ደብተር፦ የሽያጭ ባለሙያዎች ራስን የማሳደግ ልማድ በማን እጅ ነው?

በአዲስ አበባ የሽያጭ ሠራተኞችን ለማብቃት የሚሰጡ አጫጭር ሥልጠናዎች ብዙውን ጊዜ የሚያስተምሩት ተቀራራቢ ነገር ነው፦ በማለዳ መነሣት፣ ግብን በወረቀት ላይ ማስፈር፣ ለራስ በጎ ቃል መናገር፣ በየወሩ አንድ መጽሐፍ አንብቦ መጨረስ። አሠልጣኙ አነቃቂ ተናጋሪ ነው፤ ሠልጣኙ ደግሞ የኢንሹራንስ ወኪል፣ የሪል ስቴት ሻጭ፣ የመድኃኒት አስተዋዋቂ ወይም ተቀማጭ ገንዘብ እንዲያሰባስብ ኮታ የተሰጠው የባንክ ሠራተኛ ነው። ሥልጠናው የሚነሣበት እምነት ግልጽ ነው፤ ሽያጩ ያነሰው ሰውየው ራሱን ስላላሳደገ ነው። ይህ እምነት በከፊል እውነት ነው፤ ለመተቸት የሚያስቸግረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እውነተኛውን ክፍል መካድ አይገባም። ማርቲን ሴሊግማንና ፒተር ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙት ጥናት በአሜሪካ የሕይወት ኢንሹራንስ ወኪሎች ላይ የተካሄደ ነበር። ክፉ ገጠመኝን አላፊ አድርገው የሚተረጉሙት ወኪሎች፣ የራሳቸው ዘላቂ ጉድለት አድርገው ከሚወስዱት ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት የሥራ ዓመታት 37 በመቶ የበለጠ ሸጠዋል፤ ሥራቸውን የመልቀቅ ዕድላቸውም አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ቀኑን ሙሉ «አይሆንም» የሚል መልስ ሲሰማ ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ጥናቱ የለካው ወኪሎቹ ይዘውት የነበረውን አተረጓጎም እንጂ የአንድ ቀን ንግግር የፈጠረላቸውን አይደለም። ልማድ በ21 ቀን ይጸናል የሚለው፣ በየመድረኩ የሚደጋገም አባባልም ቢሆን መሠረቱ የላላ ነው። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት፣ 96 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት አዲስ ተግባር ያለ ብዙ ሐሳብ የሚፈጸም እስኪሆን በአማካይ 66 ቀናት ወስዷል፤ ከሰው ሰው ያለው ልዩነት ከ18 እስከ 254 ቀናት ይደርስ ነበር።

ጥያቄው እንግዲህ የትኛው ልማድ ነው ሽያጭን የሚያሻሽለው የሚል ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «መለማመድ» ነው። የአንደርስ ኤሪክሰን የ1993 ጥናት ለዚህ እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል። ብሩክ ማክናማራና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ቀደምት ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ ግን ዓላማ ያለው ልምምድ በጨዋታ መስክ 26 በመቶ፣ በሙዚቃ 21 በመቶ የሚሆነውን የውጤት ልዩነት ሲያብራራ፣ በሙያ ሥራዎች ላይ ከ1 በመቶ በታች ብቻ ሆኖ አግኝተውታል። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። ለቼዝ ተጫዋች ሕጉ አይለወጥም፤ ለሻጭ ግን እያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ነው። አንድን የማስተዋወቂያ ንግግር ሺህ ጊዜ መደጋገም ንግግሩን ያሳምር ይሆናል እንጂ ደንበኛውን አያሳውቅም።

የተሻለ ማስረጃ ያለው ሌላ መንገድ ነው። ባርተን ዌይትዝ፣ ሃሪሽ ሱጃንና ሚታ ሱጃን እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረቡት ማዕቀፍ የጥሩ ሻጭ ዋና ችሎታ አቀራረቡን ከደንበኛው ዓይነት ጋር ማጣጣም ነው፤ ይህም የሚመነጨው ሻጩ ስለ ደንበኞቹ ካከማቸውና በየፈርጁ ከለየው ዕውቀት ነው። ጆርጅ ፍራንክና ጀኦንግ-ኡን ፓርክ በ2006 ከ31,000 በላይ ሻጮችን ያካተቱ ጥናቶችን አጠቃለው ሲመረምሩ፣ አቀራረብን የማጣጣም ባሕርይ በሻጩ ግምገማም፣ በአለቃው ምዘናም፣ በሽያጭ መዝገብም ላይ ከተሻለ ውጤት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል።

ይህ ዕውቀት በማለዳ በመነሣት አይመጣም። የሚመጣው ከእያንዳንዱ ውይይት በኋላ ደንበኛው ምን እንደጠየቀ፣ ውይይቱ የት ላይ እንደተቋረጠና ሻጩ በዚያች ቅጽበት ምን እንዳለ በመመዝገብ፣ በሳምንቱ መጨረሻም መዝገቡን መልሶ በመመርመር ነው። የሪል ስቴት ሻጭን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ የሚኖር ገዥ ቦታውን በዓይኑ ስለማያይ አስቀድሞ የሚያሳስበው የግንባታው ደረጃ፣ የይዞታ ማረጋገጫውና ክፍያው በማን ስም እንደሚገባ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ የሚኖረው ቤተሰብ ደግሞ ስለ ውኃው፣ ስለ ሊፍቱና ልጆቹ ስለሚማሩበት ትምህርት ቤት ርቀት ይጠይቃል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቅናሽ የሚያቀርብ ሻጭ የሰማውን አልመዘገበም ማለት ነው። የሰፈር ባለሱቅ የዱቤ ደብተሩን በየዕለቱ የሚገልጠው ተግሣጽ ስላለው ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ እዚያ ስላለ ነው፤ ሻጩስ ማስታወሻውን እንዲገልጥ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ዋናው ችግር እዚህ ላይ ይታያል። ኤሪን አንደርሰንና ሪቻርድ ኦሊቨር እ.ኤ.አ. በ1987 የሽያጭ ኃይል አመራርን በሁለት ጫፎች መካከል አስቀምጠውታል፤ አንደኛው ውጤትን ብቻ የሚቆጥር፣ ሁለተኛው የአሠራርን ሂደት የሚከታተልና የሚያሠለጥን ነው። በኮሚሽን ብቻ የሚተዳደር ሻጭ ማስታወሻ የሚጽፍበት ሰዓት አይከፈለውም። ያልተሳካ ውይይትን በሐቅ ቢመዘግብ በግምገማ ቀን ማስረጃው በራሱ ላይ ይሆናል። የደንበኞቹን ዝርዝርና ጠባይ አደራጅቶ ቢያስቀምጥ፣ ሥራ በለቀቀ ማግሥት መዝገቡ የድርጅቱ ንብረት ሆኖ ይቀራል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ላይ ያለን ሰው «ልማድህን አሻሽል» ማለት ወጪውን በእርሱ ላይ ጥሎ ትርፉን ለሌላ መስጠት ነው።

ውጤትን ብቻ መቁጠር ወዴት እንደሚያደርስ የአሜሪካው ዌልስ ፋርጎ ባንክ አሳይቷል። ባንኩ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 የ185 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ሲጣልበት፣ ሠራተኞቹ ኮታቸውን ለመሙላት ደንበኞች ያልፈቀዷቸውን ሒሳቦች ከፍተው እንደነበር ተገልጿል፤ 5,300 ያህል ሠራተኞችም ተሰናብተዋል። እነዚያ ሁሉ ሰዎች የግል ዕድገት ሥልጠና አንሷቸው ነበር ብሎ መከራከር ያስቸግራል።

ለዚህ አቋም ከባዱ ተቃውሞ ከቶጎ ይመጣል። በሎሜ 1,500 አነስተኛ ንግዶችን ያሳተፈውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት፣ በግል ተነሳሽነት ላይ ያተኮረው ሥልጠና ትርፍን 30 በመቶ ሲያሳድግ፣ የተለመደው የንግድ ሥልጠና ያስገኘው 11 በመቶ ጭማሪ በስታቲስቲክስ መለኪያ ትርጉም ያለው እንዳልነበረ አሳይቷል። ስለዚህ በግለሰብ ጠባይ ላይ የሚያተኩር ሥልጠና ከንቱ ነው ሊባል አይችልም። ነገር ግን የሎሜ ሠልጣኞች ባለቤቶች ነበሩ፤ የተማሩት ያስገኘው ትርፍ በቀጥታ የራሳቸው ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ባለቤትነቱ ይሁን ወይስ የሥልጠናው ይዘት ብቻ፣ ቅጥረኛ ሻጮችን ከባለቤቶች ጋር ያነጻጸረ ጥናት ሳይኖር አይለይም።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የማርኬቲንግ መመረቂያ ጽሑፎች ሊገቡበት የሚገባው ክፍተት ይህ ነው። የተለመደው አካሄድ አምስት ደረጃ ያለው መጠይቅ በትኖ ሻጩ ስለ ራሱ ጠባይና ስለ ራሱ ውጤት እንዲመልስ ማድረግ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የ2006 ጥናት የዚህን አደጋ ያሳያል፤ ደንበኛ ተኮርነት ከተሻለ ውጤት ጋር የተያያዘው ሻጩ ራሱን ሲመዝን ብቻ ነበር፤ በአለቃ ምዘናና በሽያጭ መዝገብ ላይ ግንኙነቱ አልታየም። አንድ የማስተርስ ተማሪ በአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ ደመወዝተኛ የሽያጭ ሠራተኞችንና በኮሚሽን ብቻ የሚሠሩ ወኪሎችን ለይቶ፣ ለሁለቱም ቡድኖች አንድ ዓይነት የውይይት መመዝገቢያ ቅጽ ሰጥቶ፣ ቅጹ ለግምገማ እንደማይውል ከአመራሩ የጽሑፍ ማረጋገጫ ተቀብሎ፣ ከሦስት ወር በኋላ ማን መመዝገቡን እንደቀጠለና የማን ውል እንደታደሰ ከመዝገብ ሊያይ ይችላል። ወጪው ከፎቶ ኮፒ ብዙም አይበልጥም። አስቸጋሪው ክፍል ማረጋገጫው ላይ የሚፈርም ሥራ አስኪያጅ ማግኘት ነው፤ ይህም ራሱ እንደ አንድ የጥናት ውጤት መመዝገብ ይኖርበታል።