«ሞተሩ ገና አሁን ነው የተሠራው» ለሚባል መኪና ስንት ይጨመራል?

የዛሬውን የማሾና የጤፍ ዋጋ ጠዋት ለጥፌያለሁ፤ አሁን ደግሞ ስለ መኪና ትንሽ ላውራ። «መኪና ከእህል ዋጋ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ካላችሁ፣ በመርሳና በአዲስ አበባ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ኪሳችን የሚገባው ጭነቱ በሰላም ከደረሰ ብቻ ነው። ከአዋሽ እስከ ሐራ ገበያ 392 ኪሎ ሜትር ተብሎ የተጀመረው ባቡር ሥራ እስኪጀምር ድረስ የሀብሩ ሽንኩርትም ማሾም የሚወጣው በጎማ ነው።

ሰሞኑን ከመርሳና ከወልድያ አካባቢ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ያገለገለ ኤንፒአር አይሱዙ አግኝተናል፤ ሞተሩ ወርዶ አዲስ ተሠርቷል፤ በዚህ ምክንያት ከሌላው ላቅ ያለ ዋጋ ተጠይቋል፤ እንግዛው ወይ?» የሚል ነው። ከጠያቂዎቹ አንዱ የገበሬዎች ማኅበር ስለሆነ፣ ገንዘቡ የአባላት መሆኑን አስቤ በግልጽ ለሁላችሁም ልመልስ።

መልሴን ላስቀድም፦ ለ«አዲስ ለተሠራ ሞተር» ብላችሁ አንድ ብር አትጨምሩ። እንዲያውም ከሦስት ሳምንት በፊት ወርዶ የተሠራ ሞተር፣ ከዓመት በፊት ተሠርቶ አንድ የምርት ወቅት ሙሉ ከጫነው በዋጋ ማነስ አለበት። ደላላ ግን ገልብጦ ነው የሚሸጥልን።

ለምን እንደዚህ እንደምል ላስረዳ። በወጉ የታደሰ ሞተር ይፈታል፤ ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ገብቶ ይሞረዳል ወይም ካሚቻ ይቀየርለታል፤ ክራንክ ሻፍቱ ይለካል፤ ፒስተን፣ ፋሻ፣ ብሮንዚናና ጓርኒሲዮን ይቀየራሉ፤ ቴስታታው ይስተካከላል፤ ፖምፓውና ኖዝሉ ይፈተሻሉ። ይህ ሁሉ የተሠራለት ሞተር ዓመታት ያገለግላል። ችግሩ፣ ፋሻ ብቻ ተቀይሮለት ብሎኩ ቀለም የተቀባ ሞተርም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያው ነው። ጭስ የለውም፣ ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ ድምፁ ያምራል። ልዩነቱ የሚለየው ጭነትና ዳገት ሲመጣ ነው።

ሌላም አለ። አዲስ ፋሻ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር እስኪላመድ ሮዳጅ ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ሙሉ ጭነት አይጫንበትም፣ በሚኒሞ ለረጅም ሰዓት አይቆምም፣ ዘይቱና ፊልትሮው ቶሎ ይቀየራል። እኛ ግን መኪና የምንገዛው ምርት ሲደርስ ነው። ገዝተን በማግስቱ 50 ኩንታል ጭነን ከውጫሌ ወደ ሐይቅና ደሴ፣ ከዚያም ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር እናወጣዋለን። በደንብ የተሠራ ሞተር እንኳ በዚህ አያያዝ ይበላሻል፤ ሻጩም «አያያዙን አላወቃችሁበትም» ለማለት በቂ ምክንያት ያገኛል።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። ጭማሪው 300,000 ብር ነው እንበል። 50 ኩንታል ጭናችሁ ከወጪ ቀሪ በኩንታል 150 ብር ብታተርፉ፣ በአንድ ጉዞ 7,500 ብር ነው። ጭማሪውን ብቻ ለመመለስ 40 ጉዞ ያስፈልጋል፤ በሳምንት አንድ ቢሆን ከዘጠኝ ወር በላይ ማለት ነው። አሁን ደግሞ መኪናው መንገድ ላይ ቆሞ፣ በኪሎ 40 ብር የተገዛ 50 ኩንታል ሽንኩርት ሩቡ ተበላሸ እንበል። 50,000 ብር ሄደ፤ የሰባት ጉዞ ትርፍ ጠፋ። የጋራዥና የጫኝ አውራጅ ወጪ ገና አልተነካም። ማሾ አይበሰብስም ብትሉ፣ ለላኪ የተገባ የማስረከቢያ ቀን አለ። መንገድ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ በኖርንባቸው ዓመታት ደግሞ በተከፈተው ቀን መቆም ምን እንደሚያስከፍል እናንተ ታውቁታላችሁ።

ዋጋው ለምን እንዲህ እንደተሰቀለ ይገባኛል። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ሲወሰን መለዋወጫውም አብሮ ወጣ። ሞተር ማሠራት ብዙ ገንዘብ ያስወጣል፤ ሻጭ ያወጣውን ልመልስ ቢል አይፈረድበትም። ሁሉም ሻጭ አታላይ ነው አላልኩም፤ ዕዳ የያዘው ወይም ሥራ የቀየረ ሰው ይሸጣል። ግን ይህን ያህል አውጥቶ ገና ሳይሠራበት የሚሸጠውን «ለምን?» ብሎ መጠየቅ የገዢ መብት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።

መግዛት ግድ ከሆነ እነዚህን ሳታዩ ቀብድ አትስጡ፦

👉 በጠዋት ሂዱ፤ ሳይነሳ ብሎኩን በእጃችሁ ዳስሱ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ደካማ ሞተር የሚታወቀው በብርድ ሲነሳ ነው።

👉 ጭሱን እዩ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል። ጥቁር ከሆነ ናፍጣ በዝቷል ወይም አየር አንሷል። ነጩ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ውሃ እየገባ ወይም ናፍጣው በደንብ ሳይቃጠል እየወጣ ሊሆን ይችላል።

👉 ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። በኃይል እየተነፈሰ ጭስ ከገፋ ፋሻው አልያዘም።

👉 የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ከፍታችሁ አስነሱ። ውሃው ሳያቋርጥ አረፋ ከደፈቀ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ወይም ስንጥቅ ጠርጥሩ። በሞቀ ሞተር ይህን ፈጽሞ አትሞክሩ።

👉 ጭነት ጭናችሁ ከወልድያ ወደ ጋሸና በሚወስደው መንገድ የድልብን ዳገት አውጡት። ሮዳጅ ላይ ነው ከተባለ ግማሽ ጭነት ይበቃል። የሙቀቱን ጌጅ ተከታተሉ፤ ስትመለሱ በሚኒሞ የዘይት ግፊቱን እዩ። ወፍራም ዘይት የግፊት ማነስን ስለሚደብቅ ምን ዘይት እንደተሞላ ጠይቁ።

👉 የቶርኖ ቤቱን ደረሰኝና የብሮንዚናውን ልክ ጠይቁ። ስታንዳርድ ነው? 0.25 ነው? 0.50 ነው? 1.00 ላይ ከደረሰ ክራንክ ሻፍቱ በተደጋጋሚ ተሞርዷል፤ ለቀጣዩ እድሳት ብዙ አልተረፈለትም።

👉 የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ብሎክ ተቀይሮ ሊብሬው ካልተስተካከለ ስም ሲዛወር ጣጣው የእናንተ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያይላችሁ መካኒክ ክፍያውን ከእናንተ ይቀበል። ደላላው ያመጣው መካኒክ የደላላው ሰው ነው።

ውሉ ላይ ደግሞ «ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» ብቻ ብላችሁ አትፈርሙ። ሞተሩ መቼ፣ የት እንደታደሰና ምን ምን እንደተቀየረ ይጻፍ። ከዋጋው የተወሰነው፣ ለምሳሌ 10 በመቶ፣ ከሁለት ወር በኋላ እንዲከፈል ተስማሙ። በሞተሩ የሚተማመን ሻጭ ይህን ቢያንስ ይደራደርበታል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሻጭ ለተሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው፤ ገዢ ግን ጉድለቱን እንዳየ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ ችግር ሲታይ «እስቲ ትንሽ ልየው» ብሎ ወር ማሳለፍ መብትን ማሳለፍ ነው፤ በጽሑፍ አሳውቁ።

የእኔ ምርጫ ግን ሌላ ነው። ሻንሲው፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ጤነኛ የሆነ፣ ሞተሩ መድከሙ በግልጽ የተነገረለት መኪና በደካማ ዋጋ ግዙ፤ ሞተሩን በራሳችሁ መካኒክ፣ ዕቃውን ራሳችሁ ገዝታችሁ አሠሩት። ያኔ 300,000 ብሩ የት እንደገባ ታውቃላችሁ። ሮዳጁንም ራሳችሁ በወጉ ታስጨርሱታላችሁ።

«ምርቱ ደርሷል፣ ይህን ለማድረግ ጊዜ የለንም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ገበሬው አይጠብቅም። ጊዜ ከሌለ ግን ይህን ወቅት በኪራይ መኪና አሳልፉት። የኪራይ ዋጋ ያንገበግባል፤ ቢሆንም ስንት እንደሆነ ከመጫናችሁ በፊት ታውቁታላችሁ፤ መኪናው ቢሰበርም የሞተሩ ወጪ የባለቤቱ ነው። የማኅበር ኮሚቴዎች በተለይ ይህን አስቡበት፦ አባላት በጠቅላላ ጉባኤ የሚጠይቋችሁ መኪናው ሲገዛ ድምፁ እንዴት ያምር እንደነበር አይደለም፤ ስንት ጉዞ እንደሠራና ስንት እንዳመጣ ነው።