ሳይቃጠል በቅጠል፦ የመኪና ማቀዝቀዣ ከጀጎል እስከ ድሬዳዋ

አንድ የሐረር ነዋሪ ስለ መኪና አየር ማቀዝቀዣ ሲነገረው «ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ቢል አይፈረድበትም። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ነፋሻ ከተማ ናት። ጀጎልን የገነቡ ሰዎችም ፀሐይን በወፍራም የድንጋይ ግድግዳና አንዱ ቤት ለሌላው ጥላ በሚሆንበት ጠባብ መንገድ መከላከልን ያውቁበት ነበር። ለብዙ ዓመታት የከተማይቱ መታወቂያ ሆነው የቆዩት ፔጆ 404 ታክሲዎች ውስጥም የተሳፋሪው ማቀዝቀዣ ዝቅ ያለው መስኮት ነበር።

ዳሩ ግን የሐረር ሰው ኑሮ በጀጎል ግንብ ብቻ አይወሰንም። አውሮፕላን የሚሳፈር እንግዳ የሚሸኝ፣ በባቡር የመጣ ዘመድ የሚቀበል፣ ለሥራና ለገበያ የሚመላለስ ሁሉ አወዳይንና ሐረማያን አልፎ፣ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ድሬዳዋ ይገባል። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ እስኪሆን ድረስ ዝቅ ይላል። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ የቀን ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በእጅጉ ያልፋል። እንግዲህ ለወራት ያልተነካው የማቀዝቀዣ ቁልፍ የሚታወሰው እዚያ ነው። ቁልፉ ሲጫን የሚወጣው ግን ትኩስ አየር ይሆናል።

ሕፃን ታቅፋ የምትጓዝ እናት፣ ነፍሰ ጡር ወይም በዕድሜ የገፉ ወላጆች በመኪናው ውስጥ ሲኖሩ ነገሩ የምቾት ጥያቄ መሆኑ ይቀራል። በማግስቱ ጋራዥ ሲኬድ ደግሞ የቤተሰቡ ወርኃዊ በጀት ይናጋል። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን መኪና ያላቸው ወይም በመሥሪያ ቤት መኪና የሚጓዙ እናቶችና ሠራተኞች ስለ ማቀዝቀዣው ሊያውቁት የሚገባውን እናቀርባለን።

ሥራ ሲፈታ የሚበላሽ መሣሪያ

አብዛኛው የቤት ዕቃ በአገልግሎት ብዛት ያረጃል። የመኪና ማቀዝቀዣ ግን ሥራ ሲፈታም ይጎዳል። ኮምፕሬሰር የሚባለው ዋናው ክፍል ዘይቱን የሚያገኘው በቱቦዎቹ ውስጥ ከጋዙ ጋር አብሮ ከሚዘዋወረው ነው። ማቀዝቀዣው ለረጅም ጊዜ ካልሠራ ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ በኮምፕሬሰሩ ዘንግ ላይ ያለው የላስቲክ ማሸጊያም ይደርቃል። የደረቀ ላስቲክ ይሰነጠቃል፤ ጋዙም ቀስ በቀስ ይወጣል።

እንደ ሐረር ባለ ደጋማ ከተማ የሚኖር መኪና ከቆላ መኪና ይልቅ ለዚህ ችግር የተጋለጠው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ወጪ አያስወጣም። ቀኑ ቢቀዘቅዝም በሳምንት አንድ ጊዜ ማቀዝቀዣውን ለ10 ደቂቃ ያህል ማሠራት ይበቃል። በክረምት ወራት ደግሞ ሌላ ጥቅም ይሰጣል። ማቀዝቀዣው አየሩን ከእርጥበት ስለሚያደርቅ፣ ከሙቀት መስጫው ጋር አብሮ ሲከፈት የፊት መስተዋቱን ጉም ፈጥኖ ያጠራል። በዝናብ ቀን ልጆችን ትምህርት ቤት ለሚያደርስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሠራሩ በአጭሩ

ነርሷ መርፌ ከመውጋቷ በፊት ክንዳችንን በአልኮል ስትጠርገው ቅዝቃዜ ይሰማናል። አልኮሉ ወደ ትነት ሲለወጥ ከገላችን ሙቀት ስለሚወስድ ነው። የመኪና ማቀዝቀዣም በዚሁ ሕግ ይሠራል። በብዙዎቹ መኪኖች ውስጥ ያለው ጋዝ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ነው። ከመሪው ፊት ለፊት፣ ከክሩስኮቶው ሥር በተቀበረው ኤቫፖሬተር ውስጥ ፈሳሹ ሲተን የመኪናውን ውስጥ ሙቀት ይወስዳል። ኮምፕሬሰሩ ይህን ጋዝ መጥጦ ይጨምቀዋል። የብስክሌት ጎማ ስንነፋ ፓምፑ እንደሚግል ሁሉ የተጨመቀው ጋዝም ይግላል። ከዚያ ከራዲያተሩ ፊት ወዳለው ኮንደንሰር ሄዶ ሙቀቱን ለውጭ አየር አስረክቦ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል። ዑደቱም ይቀጥላል።

ከዚህ የምንረዳው ዐቢይ ቁም ነገር አለ። ጋዙ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በዝግ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ነው። በብዙ ዓመታት ውስጥ ጥቂት ቢጎድል ያለ ነው፤ በየዓመቱ ወይም በየጥቂት ወሩ የሚያልቅ ከሆነ ግን የሚፈስበት ቀዳዳ መኖሩ የማያጠራጥር ነው።

በቤት የሚደረግ ምርመራ

ወደ ጋራዥ ከመሄድ በፊት አንዲት እናት በእጇ፣ በዓይኗና በአፍንጫዋ ብቻ ብዙ ነገር ልታውቅ ትችላለች።

1ኛ. አየሩ በኃይል ይነፍሳል ወይስ ደክሟል? ቅዝቃዜ እያለው ነፋሱ ከደከመ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የአየር ማጣሪያው (ፊልትሮው) በአቧራ መደፈኑ ነው። በብዙ መኪኖች ማጣሪያው ከተሳፋሪው ፊት ካለው መሳቢያ ጀርባ ይገኛል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ አቧራ በሚበዛበት መንገድ ደግሞ ከዚያም ቶሎ መለወጥ አለበት።

2ኛ. መኪናው ሲሄድ እየቀዘቀዘ፣ ሲቆም ይሞቃል? ለምሳሌ በአወዳይ መንገድ ላይ ደኅና የነበረው ፈረስ መጋላ ላይ በሰው ግርግር መካከል ሲቆም ትኩስ አየር ከሰጠ፣ ኮንደንሰሩ በቂ ነፋስ አላገኘም ማለት ነው። የኮንደንሰሩ ፋን አይዞር ይሆናል፤ ወይም ክንፎቹ በጭቃና በነፍሳት ተደፍነው ይሆናል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ በቀስታ በሚወርድ ውኃ ማጠብ ይቻላል። ኃይለኛ ውኃ ግን ስስ ክንፎቹን ያጣምማል።

3ኛ. ቁልፉ ሲጫን ሞተሩ ጋ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል? በብዙ መኪኖች ይህ ድምፅ ኮምፕሬሰሩ ከቺንጋው ጋር መያያዙን ያመለክታል። ድምፁ ከጠፋ ፊውዝ ተቃጥሎ፣ ሽቦ ተበጥሶ ወይም ጋዙ እጅግ ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ጋዝ ሲጎድል መሣሪያው ራሱን ለመጠበቅ ኮምፕሬሰሩን ያቆመዋልና።

4ኛ. ሽታው ምን ይመስላል? እንደ ረጠበ ጨርቅ የሚሸት አየር በኤቫፖሬተሩ ላይ ሻጋታ ማደጉን ያሳያል። አስም ወይም የአፍንጫ አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ ሳይዘገይ ማስጠረግ ይገባል። ሻጋታ እንዳይፈጠር፣ ከጉዞው መጨረሻ ጥቂት ደቂቃዎች ቀደም ብሎ ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ ነፋሱን ብቻ መተው ይረዳል።

5ኛ. ውኃው የሚንጠባጠበው የት ነው? ከመኪናው ሥር በመሬት ላይ ከሆነ ጤናማ ነው፤ ከአየሩ የተለየው እርጥበት ነው። በእግር ምንጣፍ ላይ ከሆነ ግን የውኃ መውረጃው ቱቦ ተደፍኗል።

6ኛ. በቱቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ ቅባት የያዘ አቧራ ይታያል? ጋዝ በሚወጣበት ቦታ ዘይትም አብሮ ስለሚወጣ ይህ ምልክት ቀዳዳውን ይጠቁማል። ለማየት ሞተሩን አጥፍቶ ኮፈኑን መክፈት እንጂ ቺንጋው እየዞረ እጅን፣ ነጠላን ወይም ሻሽን ማስጠጋት አይገባም።

ቴርሞሜትር ያለው ሰው በመካከለኛው የአየር መውጫ ላይ ቢያስቀምጠው፣ ደኅና የሚሠራ ማቀዝቀዣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ዲግሪ ያሳያል። ለልጆች ትኩሳት የምንጠቀምበት መለኪያ ግን ለዚህ አያገለግልም፤ ከ35 ዲግሪ በታች እንዲያነብ የተሠራ አይደለምና።

በጋራዥ ምን እንጠይቅ?

ብዙ ጊዜ የሚሰማው ንግግር «እትዬ፣ ጋዙ አልቋል፤ ልሙላው?» የሚለው ነው። መልሱ «ወንድሜ፣ መጀመሪያ በየት እንደ ወጣ አሳየኝ፤ ከዚያ ትሞላዋለህ» መሆን አለበት። ቀዳዳ ሳይደፈን ጋዝ መሙላት በተቀደደ ማሰሮ ውኃ መቅዳት ነው። ገንዘቡ ይከፈላል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ያው ሙቀት ይመለሳል።

ጥሩ ባለሙያ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያ ሰማያዊና ቀይ ሰዓት ያለውን መለኪያ ያገናኛል። ሰማያዊው ዝቅተኛውን፣ ቀዩ ከፍተኛውን ግፊት ያሳያል። ማቀዝቀዣው እየሠራ ሁለቱም ዝቅ ካሉ ጋዙ ጎድሏል። ሁለቱም ከመጠን በላይ ከፍ ካሉ ጋዙ በዝቷል ወይም ኮንደንሰሩ አልቀዘቀዘም። ሰማያዊው ከፍ፣ ቀዩ ዝቅ ካለ ደግሞ ኮምፕሬሰሩ መድከሙን መጠርጠር ይገባል።

ቀጥሎ በሳሙና አረፋ፣ በናይትሮጅን ግፊት ወይም በልዩ መብራት በሚታይ ቀለም ቀዳዳውን ይፈልጋል። ከጠገነ በኋላ በቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ያህል አየሩንና እርጥበቱን ይመጥጣል፤ ፓምፑን አጥፍቶም የሰዓቱ እጅ መቆሙን ይመለከታል። እጁ ከተመለሰ ቀዳዳው አልተደፈነም። በመጨረሻ ጋዙን በሚዛን ይሞላል። ስንት ግራም እንደሚያስፈልግ ከኮፈኑ ሥር ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ለትንንሽ አውቶሞቢሎች ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 600 ግራም ነው። «ሲበዛ ይበልጥ ይቀዘቅዛል» የሚባለው ስሕተት ነው፤ ትርፍ ጋዝ ቅዝቃዜውን ይቀንሳል፣ ኮምፕሬሰሩንም ይጎዳል።

ስለ ጋዙ ዓይነት

በድሮ መኪኖች ይሞላ የነበረው አር 12 የተባለ ጋዝ ነበር። ይህ ጋዝ ምድራችንን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለውን የኦዞን ንጣፍ እንደሚያሳሳ ስለ ታወቀ እ.ኤ.አ. በ1987 በሞንትሪያል ከተማ ዓለም አቀፍ ስምምነት ተደረገ። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ1994 ስምምነቱን ተቀብላለች። በእግሩ የተተካው አር 134ኤ ኦዞንን ባይነካም ምድርን የሚያሞቅ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ በተደረሰው ማሻሻያ አጠቃቀሙ ቀስ በቀስ እንዲቀነስ ተወስኗል። በዚህ ምክንያት ብዙ አዳዲስ መኪኖች ሌላ ጋዝ ይዘው ይመጣሉ። ዓይነቶቹን መቀላቀል ፈጽሞ አይገባም። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ብቻ ይሞላ፤ የቆየውም ጋዝ ወደ አየር ከመለቀቅ ይልቅ በመሣሪያ ይሰብሰብ።

ከሁሉ የከፋው ለርካሽነቱ ሲባል የማብሰያ ጋዝ መሙላት ነው። ኤቫፖሬተሩ ያለው በመኪናው ውስጥ፣ በተሳፋሪዎች ፊት በመሆኑ ጥቂት ቀዳዳ ከተገኘ ተቀጣጣይ ጋዝ በልጆቻችን መካከል ይፈሳል። አንዲት ብልጭታ የምታደርሰውን ጉዳት ወጥ ቤት የምታውቅ እናት ሁሉ ታውቀዋለች።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል። የእነዚህ ኮምፕሬሰር በቺንጋ ሳይሆን በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚዞርና ዘይቱም የተለየ ስለሆነ፣ ሥልጠና ለሌለው ሰው አሳልፎ መስጠት ለሕይወትም አደገኛ ነው።

ልጆች በመኪና ውስጥ

ማቀዝቀዣው ቢሠራም ባይሠራም አንድ ሕግ አይለወጥም። ሕፃን ልጅ በተዘጋ መኪና ውስጥ ለአንድ አፍታ እንኳ ብቻውን አይተውም። በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት በ10 ደቂቃ ብቻ በ10 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል። የሕፃን ገላ ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ በፍጥነት ይግላል። «ሞተሩን ሳላጠፋ ማቀዝቀዣውን ከፍቼለት ልሂድ» ማለትም መፍትሔ አይደለም፤ ሞተሩ ሊጠፋ፣ ልጁም ማርሹን ሊነካ ይችላል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነሥቶ መቀመጥማ የጭሱ መርዝ ሽታ የሌለው ገዳይ መሆኑን መርሳት ነው።

ለድሬዳዋ መንገደኞች ሁለት ምክር እንጨምር። ሲነሡ በሮቹን ለአንድ ደቂቃ ከፍተው የታፈነውን ሙቀት ያስወጡ፤ ከዚያ የውስጡን አየር ብቻ የሚያዞረውን ቁልፍ ይጫኑ፤ ሰው ከበዛ ግን በየጊዜው የውጭ አየር ያስገቡ፤ የታፈነ አየር ሾፌሩን ያስተኛልና። ሲመለሱ በደንገጎ ዳገት የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ከፍ ካለ ማቀዝቀዣውን ያጥፉ። ኮምፕሬሰሩ ከሞተሩ ኃይል ስለሚወስድ፣ ኮንደንሰሩም በራዲያተሩ ላይ ሙቀት ስለሚጨምር ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ የግንቦት ሙቀት እስኪደርስ ሳትጠብቁ በዚህ ሳምንት ቁልፉን ተጭናችሁ ለ10 ደቂቃ ሞክሩት። የቀዘቀዘ እንደሆነ በየሳምንቱ ቀጥሉ፤ ያልቀዘቀዘ እንደሆነ ስድስቱን ጥያቄዎች በወረቀት ይዛችሁ ጋራዥ ሂዱ። በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።