ሐመሩ ሐ እና የእማማ «ሀንድ»

እኔ የምለው፣ «ንጉስ» ብሎ የጻፈን ሰው «ቋንቋችንን ገደልከው!» ብሎ መሳደብ ከመቼ ወዲህ ነው ዕውቀት የሆነው? እስቲ ተሳዳቢው ራሱ ንጉሡን ሠ እና እሳቱን ሰ ለይቶ በአፉ ያሰማን! አይችልም፡፡ እኔም አልችልም፡፡ የኔታ «ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ» እያሉ በስም የሚለዩልን ጆሯችን ስለማይለያቸው አይደል? ጥፋቱን ደግሞ በፌስቡክ ትውልድ አታላክኩ፤ የብራና ጸሐፊዎቹም እነዚህን ፊደላት ሲያቀላቅሉ ኖረዋል፡፡

ፊደሎቹ ይጣሉ አላልኩም! በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ ነው፤ «ሰረቀ» ያው ሌብነት ነው፡፡ ፀሐይን ሌባ ማድረግ አልፈልግም፡፡ ግን የድምፅ መለወጥ ውርደት አይደለም፡፡

ግሪኮችን እዩ፡፡ ጥንት ለየራሳቸው ድምፅ የነበራቸው ኤታ፣ ዮታና ኢፕሲሎን ዛሬ ሦስቱም «ኢ» ናቸው፡፡ የለውጡ ምልክት እኛም ቤት አለ፤ «ጰራቅሊጦስ» ውስጥ ያለችው «ሊ» በግሪክኛ የምትጻፈው በኤታ ነው፡፡ በቃል መነሻ የነበረው «ሀ»ም ከአፋቸው ጠፋ፤ የትንፋሽ ምልክቱ ግን ወረቀት ላይ እስከ 1982 እ.ኤ.አ. ቆይቶ በዚያ ዓመት በሕግ ቀረ፡፡ ሆላንዳዊው ኤራስመስ በ1528 እ.ኤ.አ. ስለ ትክክለኛው የጥንት ንባብ መጽሐፍ ጽፎ የአውሮፓ ተማሪ ቤቶች ተከትለውታል፤ ግሪኮቹ ግን በራሳቸው አፍ ማንበባቸውን ቀጠሉ፡፡

ጥንታዊ ድምፅ የናፈቀው ሰው ከአንኮበር ቁልቁል አሊዩ አምባ ይውረድ፡፡ በድሮ ዘመን የሐረርና የታጁራ ቅፍለት የሚራገፍበት የአርጎባዎች አገር ነው፡፡ አርጎብኛ የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው፤ እኛ «አንድ» የምንለውን «ሀንድ» ይለዋል፡፡ ግዕዙ «አሐዱ» አይደል? እኛ የጣልናትን ትንፋሽ እነሱ ይዘዋታል፡፡ አሁን እዚያም አማርኛው በርትቶ ቋንቋውን የሚናገረው ሰው አንሷል፡፡

ገበያው ላይ አንዲት እማማ ሳንቲም ሲቆጥሩ «ሀንድ» ቢሉ፣ አብሮን ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ በሳቅ ፈረሰ፡፡ «አንድ ማለት አቅቷቸው እኮ ነው!» ይላል፡፡ ማታ ስልኩን ከፍቶ «ምህረት» ብሎ የጻፈን ምስኪን «በሐመሩ ሐ ነው፣ መሃይም!» እያለ ሲያብጠለጥል አገኘሁት፡፡

«ነገ ሄደህ እማማን ይቅርታ ትጠይቃለህ» አልኩት፡፡

«ለምኑ?» አለኝ፡፡