ለቲማቲሙ ጣሪያ፣ ለእኛ ተራ

ዛሬ ስለ ላስቲክ ቤት የማስበውን ልጽፍላችሁ ነው።

ላስቲክ ቤት ማለት በእንጨት ወይም በብረት ቋሚ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ተወጥሮ ውስጡ አትክልት የሚተከልበት ቤት ነው። ግሪን ሃውስም ይሉታል። በአገራችን በባቱና በሆለታ አካባቢ አበባ የሚያለሙ ድርጅቶች ይጠቀሙበታል። በስፔን አገር አልሜሪያ በሚባል ቦታ ደግሞ 30,000 ሄክታር ገደማ መሬት በዚህ ቤት ተሸፍኗል። በብርዱ ወራት ለብዙ የአውሮፓ አገሮች ቲማቲም የሚሄደው ከዚያ ነው።

ይህን ስናገር ጓደኞቼ «ሲሪንቃ መች ብርድ አለና? በዚህ ሙቀት ላስቲክ ስር የገባ አትክልት ይቀቀላል!» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ዙሪያውን ከዘጋነው ይቀቀላል። እኔ የምለው ግን ጣሪያው ብቻ ላስቲክ ይሁን፣ ጎኑ ክፍት ሆኖ ነፋስ ይግባበት ነው። እኛን የሚያስቸግረን የክረምቱ ዝናብ ነዋ!

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቲማቲም ግዛ ተብሎ መርሳ ገበያ የተላከ ልጅ ዋጋውን ያውቀዋል። በዝናብ ወቅት ቲማቲም ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ፍሬውም ይበሰብሳል። ትልልቆቹ «ምች መታው» ይላሉ። በሽታው ግን የሚመጣው ቅጠሉ ረጥቦ ሲውልና ሲያድር ከሚራባ በዓይን ከማይታይ ተሕዋስ ነው። ቅጠሉ ደረቅ ከሆነ በቀላሉ አይዛመትም። የጣሪያው ሥራ ይኸው ነው፤ ውኃውን ለሥሩ እኛ እንሰጣለን።

ሐሳቤ እንዲህ ነው። በግቢያችን ስፋቷ 3 ሜትር፣ ርዝመቷ 6 ሜትር የሆነች ትንሽ ቤት በባህር ዛፍ እንጨት እንሥራ። ውስጧ 5 መስመር ይወጣል። ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ለእያንዳንዱ አንድ አንድ መስመር ይሰጠው። በችግኞቹ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ብንተው በአንድ መስመር 10፣ በጠቅላላው 50 ችግኝ ይሆናል። አትክልቱ የሁሉም ከሆነ «እገሌ ያጠጣዋል» እየተባባልን እናደርቀዋለን። የክፍላችን ከሆነ ግን ማን እንደሰነፈ መስመሩ ራሱ ይናገራል።

ግንቦት ላይ ዘሩን በመደብ አፍልተን፣ ሰኔ ላይ ትምህርት ሳይዘጋ ችግኙን ብናዛውር፣ መስከረም ስንመለስ ቀልቶ ይጠብቀናል። ጭንቁ ያለው መሃል ላይ ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ጣሪያ ስር ያለ ችግኝ ደግሞ ውጭ ዶፍ እየወረደ እሱ በውኃ ጥም ይሞታል! እኔ ከላስቲኩ ዋጋ ይልቅ ይህን እፈራለሁ።

ስለዚህ ተራ እንግባ። ሐምሌና ነሐሴ ሲደመሩ 60 ቀን ናቸው። ለ5 ክፍል ሲካፈሉ 12 ቀን ይደርሰናል። ከየክፍሉ ቤታቸው ቅርብ የሆኑ ልጆች ቢከፋፈሉት ማንም አይጎዳም። ውኃም ሩቅ አይደለም፤ ከጣሪያው የሚወርደውን በበርሜል መቀበል ነው። የጳጉሜን ቀናት ደግሞ መምህራኖቻችን ቢይዙልን ደስ ይለናል!

ምርቱ ሲደርስ ግማሹን ያጠጡት ልጆች ወደ ቤታቸው ይውሰዱ፣ ግማሹ ይሸጥ። ስስ ላስቲክን ፀሐይ ስለሚያበላሸው በሽያጩ ብር አዲስ እንገዛበታለን። «ሁሉም ተሽጦ ለክበቡ ይሁን» የሚል ይኖራል። እኔ አልስማማም። የክረምት ጨዋታውን ትቶ የመጣ ልጅ የለፋበትን ካልቀመሰ በሚቀጥለው ዓመት አይመጣም።

የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ አጠገባችን ነው። የሳይንስ መምህራችን ይዘውን ቢሄዱ ለአካባቢያችን የሚስማማው የቲማቲም ዘር የትኛው እንደሆነ ባለሙያዎቹን እንጠይቃለን።

50 ችግኝ ትንሽ ነው እንዳትሉኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እናንተስ ምን ትላላችሁ? የማትስማሙ ካላችሁ ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

ቸር ሰንብቱ!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል